ሁለት ክብ፣ አንድ መስመር፦ ስለ ስልኬ የድምፅ መልእክት አገልግሎት

ከአምስት ኮከብ ሁለት ሰጥቻለሁ። አንዱ በስልክ ለረዳችኝ ሠራተኛ ነው፤ ሌላው ደግሞ ደሴ ላሉት አጎቴ። አጎቴ የኩባንያው ሠራተኛ አይደሉም፤ ነገር ግን ይህን አገልግሎት እንደ እርሳቸው ጠንቅቆ የገመገመ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

የምጽፈው እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምንኖር ሁሉ ቮይስሜይል ስለምንለው፣ ስልክ ሳናነሣ ስንቀር የደዋዩን ድምፅ ስለሚያስቀምጠው ሣጥን ነው። በተለይም በስልኬ አናት፣ ከሰዓቱ አጠገብ ቁጢጥ ብላ አልወርድም ስላለችው ትንሽ ምልክት። ሁለት ክብ፣ ከሥራቸው አንድ መስመር። ልጄ መነጽር ናት ይላል። ካሴት በእርሳስ እየዞረ ሲጠቀለል ያላየ ልጅ ምን ይፈረድበታል? እኔ ግን ገና ሳያት የቴፑ ሁለት ጥቅልሎች መሆናቸውን አውቄያለሁ፤ አንዱ ይፈታል፣ ሌላው ይጠቀልላል። ዛሬ ድምፅ በቴፕ የሚቀዳ የስልክ ኩባንያ የለም፤ ሥዕሉ ብቻ ቀርቷል።

የኩባንያውን ስም አልጠራም። ጎረቤቴ የሌላ ኩባንያ ደንበኛ ናት፣ ያችው ምልክት እርሷንም አስለቅሳታለች፤ ስለዚህ የአንድ ቤት ነውር አይደለም።

መጀመሪያ ለምን እንደተናደድኩ ልናገር፤ ይህን የሚያነብ አንዳንድ ሰው «ለአንዲት ምልክት ይህን ያህል?» ማለቱ አይቀርምና። የምሠራው አረጋውያንን በየቤታቸው በመንከባከብ ነው። የሚልከኝ ድርጅት የሥራ ሰዓት ሲለዋወጥ ይደውላል፤ ካላነሣሁ መልእክት ይተዋል። የጽሑፍ መልእክት እንዲልኩልኝ ሦስት ጊዜ ለምኛለሁ። ተረኛዋ አስተባባሪ ግን መናገር የምትወድ ሴት ናት። እንግዲህ ያቺ ምልክት ስትበራ ለእኔ ትርጉሟ «ነገ የት እንደምትሄጂ ተነግሮሻል» ማለት ነው። ሁልጊዜ የምትበራ ከሆነች ግን ምንም አትናገርም። በሩ ላይ ያለው ደወል ቀኑን ሙሉ ቢጮህ እንግዳ መምጣቱን በምን ታውቃላችሁ?

ነገሩ የጀመረው ጥር ላይ ለጥምቀት አገር ቤት ስሄድ ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ወረፋ ላይ ቆሜ ምልክቷ በራች። ሻንጣ ስገፋ፣ ፓስፖርት ስፈልግ ሳላዳምጣት ቀረሁ። አዲስ አበባ ስደርስ የአሜሪካውን ሲም ካርድ አውጥቼ በወረቀት ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፣ የአገር ቤቱን አስገባሁ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ልቤ አላርፍ ሲል ከደሴ በገዛ ቁጥሬ ላይ ደወልኩ። ያቺ የማሽን ሴት በእንግሊዝኛ መናገር ስትጀምር የኮከብ ምልክቱን ተጫንኩ፣ የይለፍ ቁጥሬን አስገባሁ፣ ሣጥኑ ተከፈተ። አሥራ አንድ መልእክት። ፋርማሲው መድኃኒት ደርሷል ይላል፤ የጥርስ ሐኪሙ ቢሮ ቀጠሮ ያስታውሳል፤ የመኪናሽ ዋስትና ሊያበቃ ነው የሚል ሰው ሦስት ጊዜ ደውሏል፤ የቀሩት ደግሞ ዝምታና የመኪና ጥሩምባ ናቸው። መሀል ላይ ሒሳቤ አልቆ ካርድ ሞላሁ። ሁሉንም አጠፋሁ፣ «ሣጥንሽ ባዶ ነው» አለችኝ፣ ዘጋሁ። በወቅቱ ብልህ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ተመልሼ ሲም ካርዱን ስከት ምልክቷ ከነሙሉ ክብሯ ተቀምጣለች። 1 ቁጥርን ተጭኜ ቆየሁ፤ ወደ ሣጥኑ የሚያስገባው አቋራጭ እርሱ ነው። «አዲስ መልእክት የለሽም» አለችኝ። ዘግቼ አየሁ፣ አለች። በጣቴ ወደ ጎን ገፋኋት፣ አትገፋም። ልጄን ጠየቅሁት። «እማዬ፣ አጥፍተሽ አብሪው» አለኝ። የእርሱ ትውልድ ለወገብ ሕመምም ይህንኑ ሳያዝዝ አይቀርም። አጥፍቼ አበራሁት። አለች።

ቀጥሎ ያደረግሁትን ሁሉ የምጽፈው ሌላው ሰው በእኔ ጊዜ እንዲቆጥብ ነው። ስልኬ ሳምሰንግ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ፣ ከመተግበሪያዎቹ መካከል መደወያውን፣ ያን አረንጓዴ ስልክ የተሣለበትን፣ መረጥኩ፤ ከዚያ ማከማቻ የሚለው ጋር ሄጄ የተከማቸውን ሁሉ አጸዳሁ። ጠፋች! ቡና አፈላሁ፣ ለጎረቤቴም ደወልኩላት። በማግስቱ ስልኩን አጥፍቼ ሳበራ ተመልሳ ቦታዋ ላይ ነበረች። በኋላ እንደገባኝ ያጸዳሁት የስልኩን ማስታወሻ ብቻ ነው፤ መልእክት አለ ብሎ የሚነግረው ወገን ግን ከስልኩ ውጭ ነው።

ሁለተኛው ዘዴ ይባሱን ጎዳኝ። ምልክቷን ከላይ ስባችሁ ወርዳችሁ ማሳወቂያው ላይ ጣታችሁን ብታቆዩ፣ የድምፅ መልእክት ማሳወቂያን ብቻ ለይቶ መዝጋት ይቻላል። ዘጋሁት። ስልኩ ንጹሕ ሆነ፣ ዓይኔም አረፈ። ይህ ግን ዓይንን መጨፈን እንጂ ማጽዳት አይደለም። በዚያው ሳምንት አስተባባሪዋ የአሥራ ሁለት ሰዓት ሥራ ትታልኝ ነበር፤ መልእክቱ ሁለት ቀን ሣጥኑ ውስጥ ተኝቶ ሌላ ሰው ወሰደው። የአሥራ ሁለት ሰዓት ደመወዝ ለአንዲት ምልክት! ማሳወቂያውን መልሼ ከፈትኩት።

ከዚያ ወደ ኩባንያው ሱቅ ሄድኩ። ለሱቁ ኮከብ የለኝም። አንድ ጨዋ ወጣት ስልኬን ተቀበለኝ፣ ገለበጠው፣ አጥፍቶ አበራው፣ ሦስት ዓመት የሞላው መሆኑን በሐዘን ነገረኝ፣ ከዚያ በ36 ወር ክፍያ የሚወሰድ አዲስ ስልክ አሳየኝ። የሚጮህ በር ያለውን ሰው ቤቱን ሽጥ እንደማለት ነው። አመስግኜ ወጣሁ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ኮከብ እንምጣ። የኩባንያው የደንበኞች አገልግሎት ወደሆነው 611 ደወልኩ። ሙዚቃውን ለረጅም ጊዜ ካዳመጥኩ በኋላ አንድ ሰው አንሥቶ አጥፍቼ እንዳበራ መከረኝ፤ ለሌላ ክፍል አስተላልፈኝ አልኩት። ሁለተኛዋ ሴት ድምፅዋ እንደ ትምህርት ቤት መምህርት ነበር። ታሪኩን ከነደሴው ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰምታ «ገባኝ» አለች፤ ከዚያም በሦስት ወር ውስጥ ማንም ያልነገረኝን ነገር አስረዳችኝ።

ስልኩ ሣጥኑን አያይም አለችኝ። ድምፁ የሚቀመጠው በእጄ ባለው ዕቃ ውስጥ ሳይሆን በኩባንያው ኮምፒውተር ላይ ነው። መልእክት ሲገባ ኔትወርኩ ወደ ስልኩ የማይታይ አጭር ማስታወቂያ ይልካል፤ «አለ» የሚል። ስልኩም ምልክቷን ያበራል። ሣጥኑ ባዶ ሲሆን ሌላ ማስታወቂያ ይልካል፤ «የለም» የሚል። ስልኩም ያጠፋታል። በሁለቱ መካከል ስልኩ ራሱ ሄዶ አይጠይቅም፤ እንደ ዘበኛ የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ ይቆማል። እኔ ከደሴ ሆኜ ሣጥኑን ባዶ ሳደርግ «የለም» የሚለው ማስታወቂያ ወጥቶ ሲም ካርዴን ፈለገ። ሲም ካርዴ ግን ወረቀት ተጠቅልሎ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እንዲህ ዓይነት ማስታወቂያ ለተወሰነ ጊዜ ይጠበቅና ተቀባይ ካጣ ይጣላል። ስመለስ ሣጥኑ ባዶ ነው፣ ስልኩ ግን ትእዛዙ አልተሻረለትም። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፤ አንዱ የጥሩን፣ ሌላው የየካቲቱን።

ይህን ስሰማ በስልኬ ላይ የነበረኝ ቂም ወለቀ።

መፍትሔው ደግሞ የሚያስቅ ነው። ኔትወርኩ «የለም» የሚለውን እንደገና እንዲልክ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር መግባትና መውጣት አለበት። ስለዚህ ለራስሽ መልእክት ተዪ አለችኝ። የልጄን ስልክ ተቀብዬ በራሴ ቁጥር ላይ ደወልኩ፣ የእኔ ሲጠራ ዝም አልኩ፣ ማሽኗ ተናግራ ጨረሰች፣ ጩኸቱ ተሰማ። ጥቂት ሰከንድ መናገር እንዳለብኝ አስጠንቅቃኛለች፤ በጣም ያጠረ ከሆነ ሣጥኑ እንደ መልእክት ላይቆጥረው ይችላል። ሰው ለራሱ ምን ይላል? «እንደምን አለሽ፣ ደኅና ነሽ ወይ፣ ሥጋው ከማቀዝቀዣ ይውጣ» አልኩ። ከዚያ በራሴ ስልክ 1ን ተጭኜ ገብቼ እስከ መጨረሻው አዳመጥኩ፣ 7ን ተጭኜ አጠፋሁ፣ ማሽኗ ባዶ ነው እስክትል ድረስ ጠብቄ ዘጋሁ። እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ከልጄ ጋር ሁለታችን እንደ ድስት ጠበቅነው። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይታ ሁለቱም ክብ፣ መስመሩም፣ ጠፉ። ሥጋውን አወጣሁ።

ለጎረቤቴ ይህ አልሠራላትም። የእርሷ ምልክት ሲም ካርዱን ተከትላ ሌላ ስልክ ላይ ጭምር ወጣች። ሲም ካርድ ላይም ይህን «አለ፣ የለም» የሚለውን ነገር የሚይዝ ትንሽ ቦታ እንዳለ የሰማሁት ያኔ ነው። ኩባንያዋ አዲስ ሲም ሰጣትና ተገላገለች። ይህም እምቢ ካለ ኩባንያው ሣጥኑን ከወዲያ ሆኖ እንደ አዲስ ሊከፍተው ይችላል፤ ነገር ግን ያስቀመጣችሁት መልእክት ሁሉ፣ የቀዳችሁት ሰላምታም አብሮ ይሄዳል፤ የምትወዱት ሰው ድምፅ እዚያ ካለ አስቀድማችሁ በሌላ ስልክ ቅዱት። ያም ባይሆን እንኳ ሣጥኑ የዘላለም ቤት አይደለም። አስቀምጪ ብላችሁ ያዘዛችሁትንም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በራሱ ያጠፋዋል።

ልጄ ይህን ሁሉ ሲያይ የሚስቀው አይፎን ስላለው ነው። እውነትም አይፎን እ.ኤ.አ. በ2007 ሲወጣ መልእክቶቹን እንደ ደብዳቤ ደርድሮ የፈለጉትን አስቀድሞ ማዳመጥ አስችሎ ነበር፤ ከ2023 ወዲህ ደግሞ፣ አይ.ኦ.ኤስ 17 በተባለው የአይፎን ማንቀሳቀሻ ፕሮግራም፣ እዚህ አሜሪካ ሰውየው እየተናገረ ሳለ ንግግሩ በጽሑፍ ይወጣለታል፣ ከወደደ መሀል ላይ ያነሣዋል። እኔም ተመቅኝቼ በሳምሰንጌ ላይ መልእክትን ወደ ጽሑፍ የሚለውጠውን መተግበሪያ ከፈትኩ። ለፋርማሲው ግሩም ነው። ለአማርኛ ግን! የአክስቴን መልእክት ወስዶ፣ ማርታ ስለምትባል ሴትና ስለ አንድ ጀልባ የሚያወራ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አወጣልኝ። አክስቴ የምትናገረው ስለ ተዝካር ነበር።

አሁን አጎቴ።

በእኛ ዘንድ ስልክ አለማንሣት ራሱ መልእክት ነው። አጎቴ አንድ ጊዜ ያስጠሩና ይዘጋሉ፤ እኔ መልሼ እደውላለሁ፤ ሒሳቡ የእኔ ነው። ይህ ለዓመታት ያለ ጠብ የኖረ ሕግ ነው። ድምፅ ተዉልኝ ብላቸው «ማን ሊሰማኝ ነው የማወራው?» ይሉኛል። ሚያዝያ ላይ ግን አንድ ሌሊት ለአዳር ሥራ ኔትወርክ በማይገባበት ምድር ቤት ውስጥ ነበርኩ። በእርሳቸው ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ በእኔ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ደወሉ። ስልኬ ኔትወርክ ካጣ አይጠራም፤ ጥሪው በቀጥታ ወደ ሣጥኑ ይሄዳል። ማሽኗ ስታነሣ ደግሞ ለደዋዩ ሰው እንዳነሣ ይቆጠራል፤ ከደሴ ወደ አሜሪካ ሒሳቡ መሮጥ ይጀምራል። ጠዋት ከምድር ቤቱ ስወጣ ምልክቷ በራች። ልቤ ዘለለ፣ አሁን ደግሞ ተመለሰችብኝ ብዬ። አይደለም፤ እውነተኛ መልእክት ነበር፤ 41 ሰከንድ።

«አሎ? አሎ? ማን ልበል? ... አይ እሱን አልሰማሁም እትዬ፣ ልጅቱን አቅርቢልኝ። ... ኧረ እዚያ ቤት አማርኛ የሚሰማ ሰው የለም? ... ዝም አለች እንዴ? አስቀየምኳት? ... ቆይ፣ ቆይ፣ ብሬን እየበላችው ነው!» ከዚያ በሩቅ ለአክስቴ፦ «የፈረንጅ ሴት አስቀምጣለች ቤቷ፤ እየከፈለቻት ይሆን?»

ሦስት ጊዜ አዳምጬ በልጄ ስልክ ቀዳሁት። ሁለተኛው ኮከብ የተሰጠው ለዚህ ነው፤ ያለ ሣጥኑ ይህን ድምፅ አላገኘውም ነበር። ሆኖም ገንዘባቸው ከንቱ ሄዷል፤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ለሚጠቅመው ሰው ልንገር። በእኔ ኔትወርክ *#61# ብዬ ስደውል ሳላነሣ የቀረሁት ጥሪ ወደየትኛው ቁጥር እንደሚሄድና ከስንት ሰከንድ በኋላ እንደሚሄድ ይነግረኛል። 20 ሰከንድ ነበር። **61* ብዬ፣ ያንኑ የሣጥኑን ቁጥር አስከትዬ፣ **30# ስጨምር ወደ 30 ሰከንድ አደገልኝ፤ ከዚያ በላይ አይፈቅድም። አሥር ሰከንድ ትንሽ ትመስላለች፤ አረጋዊ ስታጥቢ ጓንት አውልቀሽ እስክትደርሺ ግን ብዙ ናት። ##62# ደግሞ ስልኩ ኔትወርክ ሲያጣ ወደ ሣጥኑ መሄዱን ይሰርዛል። ይህን ለአጎቴ ስል ሞከርኩት፤ ምድር ቤት ሳለሁ አስተባባሪዋ መልእክት መተው ስላቃታት ግን በሳምንቱ መለስኩት። እነዚህ ቁጥሮች በሁሉም ኩባንያ አይሠሩም፤ ጎረቤቴ ስትሞክር እምቢ ብሏታል።

በመጨረሻ ማሽኗን አሰናበትኳት። 1ን ተጭኜ ገብቼ፣ ሰላምታ የሚለው ጋር ሄጄ በገዛ ድምፄ ቀዳሁ። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ አንድ መስመር ለሥራ ቦታው። ከዚያ በአማርኛ፦ «ጋሼ፣ እኔ ነኝ፣ ግን እኔ አይደለሁም፤ ሥራ ላይ ነኝ። አሁኑኑ ይዝጉት፣ ብርዎን አይበላብዎት፣ እደውላለሁ።» አስተባባሪዋ በማግስቱ ያ ቋንቋ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ቆንጆ ነው፣ ጸሎት ነው ወይ አለችኝ። ነው አልኳት።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ስልኬን አበራሁት። ሁለት ክብ፣ አንድ መስመር። 1ን ተጭኜ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። አጎቴ ናቸው። ሰላምታዬን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰምተው፣ ጩኸቱንም ጠብቀው፣ «እሺ የኔ ልጅ፣ እሺ፣ ዘጋሁት» ብለው ዘግተዋል።